ደብረ ማርቆስ ላይ የግጥም፣ የጽሞናና የጨዋታ ጉባኤ ልንጀምር ነው፤ እርማት ይኑር ወይስ ይቅር?

ማርቆሴዋ | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ በወር አንድ ቀን የሚሰበሰብ ጉባኤ ልንጀምር ነው። የጻፈ ያነባል። መጻፍ የማይሆንለት ያንጎራጉራል። በገና የሚደረድር ልጅ አለን፣ ማሲንቆ የሚሞክርም አለ። መሃል ላይ የጸሎት ወይም የጽሞና ጊዜ ይኖራል። ከዚያ ቡና ተፈልቶ ስለ ሰፈራችን እናወራለን፤ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ኀዘን፣ የመጣው ይምጣ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ ከርሟል። ወጣቱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ትልልቁ ሰው ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይገናኝም።

ቤት አግኝተናል። የአንዷ ጓደኛዬ እናት ሳሎናቸውን ፈቅደውልናል። አግዳሚ ወንበር ከእድር እንዋሳለን። ችግሩ ሌላ ነው። ገና ሳንጀምር ተጣልተናል።

ግማሾቹ "ማንም የማንንም ሥራ አይንካ፤ ሰው የልቡን ተንፍሶ ይሂድ" ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ "እርማት ከሌለ ምኑን ጉባኤ ሆነ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ለግድግዳው ባነብለትስ" ባይ ናቸው። ጸሎቱም ላይ እንደዚያው። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ይደገም ይላል፣ ሌላው ሙስሊም ጓደኞቻችንስ ይላል። እኔ ወዲህም ወዲያም እላለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። "በርቱ" ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ አደራ።

ናፋቂ | ሰኞ፣ ማታ 3:15

በርቱ! (ቀልዴን ነው።)

የምጽፈው ከውጭ ነው፤ ትውልዴ ደንበጫ። እዚህ ያለን ሐበሾች እንዲህ ያለ ነገር አለን፣ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በነጻ ይሰጠናል። ሕጋችን አንዲት ናት። ሰው ካነበበ በኋላ ማንም "ጥሩ ነው" ወይም "መጥፎ ነው" አይልም። ጆሮው ላይ የቀረችውን አንዲት ቃል ወይም ስንኝ ብቻ ይናገራል። በቃ፣ ተራው የሌላ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ድሮ ይታረም ነበር። ወንድሙ አገር ቤት የሞተበት፣ ለቀብሩ ያልደረሰ ሰውዬ ስለ ወንድሙ ጽፎ መጣ። እንባ እየተናነቀው አነበበ። አንዱ ተነሳና "ሦስተኛው ስንኝ ቤት አይመታም" አለው። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዳግመኛ አላየነውም። ስንኙ ቤት አለመምታቱ እውነት ነበር። ታዲያ ምን ይሁን? አንቺ አገር ደግሞ ዛሬ ኀዘን ያልገባበት ቤት የለም። እርማቱን ተይው።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ሰኞ፣ ማታ 4:50

ማርቆሴዋ፣ ጎጃም ላይ ቁጭ ብለሽ "ጉባኤ እንዴት ይመራል" ብለሽ መጠየቅሽ ትንሽ አሳቀኝ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የት ሄደው ነው? ቅኔ ሲነሳ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ተብለው ከሚጠሩት ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱ እኮ የኛው ናቸው።

ለማያውቅ ልንገር። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቀን ቆጠራ ይወጣል፣ ቅኔ ሊያሰናዳ ማለት ነው። ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ይሄድና ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል። ግሱን ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል። እኛ ጋ ቆጠራ ላይ ያለን ሰው ማናገር ያስቀይም ነበር። ያንቺን "ጽሞና" እዚያ አገኘሁት፣ ማርቆሴዋ። ሲመለስ ነገራ ነው። የኔታ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል። ብዙ ተማሪ ካለ መጀመሪያ አስነጋሪው፣ የየኔታ ረዳት፣ ይሰማዋል። ከዚያ እርማቱ ይመጣል። "ዜማው ሰበረ።" "ሰሙ አልቆመም።" "ይቺን ትናንት ሌላው ብሏታል።" አንዳንዴ የሦስት ሰዓት ድካም በአንዲት ቃል ይፈርሳል። ተመልሶ ይቆጥራል።

የሚጀመረው ደግሞ ከትንሹ ነው። ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ናት። ዘአምላኪየ ሦስት። ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት እያለ መወድስ ስምንት ይደርሳል። ሁለቷን ሳያቀና ስምንቱ ላይ የሚዘል የለም። የእናንተ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ ግጥም ይዞ ይመጣል። አውቀዋለሁ፣ እኔም ዘንድ ይመጣል።

ቅኔው ፈርሶበት የመጣ ተማሪ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ከዚያው በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ካመጡት ቁራሽ ይበላል። ማንም አያገለውም። ነገም በእሱ ተራ ይቆማል። ናፋቂ ያለው ሰውዬ የጠፋው እርማት ስለሰማ አይመስለኝም። ያረመው ሰው ተነስቶ ስለሄደና አብሮት ቁራሽ የቆረሰ ስላልነበረ ነው።

ሌላ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቤተ ክህነትና ኪነት ጠላት ናቸው የሚል ሰው ከመጣ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥተው ነው ቴአትር የጻፉት በሉት። ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያው ተምረዋል። ሁለተኛ፣ ዓባይ ወንዙን ከአባይ ውሸታሙ ጋር የሚያጋጭ ስንኝ በጉባኤያችሁ በሕግ ይታገድ። ሰለቸን።

ደጀን ላይ ነኝ | ሰኞ፣ ማታ 5:02

የየኔታ አለንጋም ይካተታል? ለመምጣት ለመቅረት እንዲመቸኝ ነው።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ሰኞ፣ ማታ 5:10

አለንጋው ለአንተ ብቻ በልዩ ትእዛዝ ይመጣል።

ናፋቂ | ማክሰኞ፣ ንጋት 11:30

ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ከዚያ ቤት ስንቱ ጎበዝ ልጅ አፍሮ ሸሸ? የምናውቀው ጨርሰው የወጡትን ነው። የሸሹትን ማን ቆጠራቸው?

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ከሸሹት አንዱን እያናገርከው ነው። ስሜን አታየውም? ሥላሴ ላይ ነው ያቆምኩት። ዛሬ ልብስ እሰፋለሁ። ግን የሸሸሁት በእርማቱ አይደለም፣ በረሃብና በእከክ ነው። የኔታ ያረሙኝን አንዲት ጉባኤ ቃና እስከ ዛሬ ስፌት ላይ ሆኜ ለራሴ እላታለሁ።

እንጆሪ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ሁሉም መልካም። ግን ቅኔ ቤቱ የወንድ ነበር። እኛ እናቶቻችን ጓዳ ሆነው የገጠሙት ነው ያለን። ማርቆሴዋ፣ ጉባኤሽን በቅኔ ቤት ልክ ከሰፋሽው ሴቱ ከበር ይመለሳል።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:40

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስስ? ዓይናቸው የማያይ፣ ሴት፣ እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ። ካህናቱ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል።

እንጆሪ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:44

ይህን ባነሳሁ ቁጥር የእሳቸው ስም ይጠራልኛል። እሺ፣ ሁለተኛዋን ጥራልኝ።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ያዝሽኝ።

ሥርዓት ይጠበቅ | ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በገና የምስጋና መሣሪያ ነው። ከፍቅር ግጥምና ከማሲንቆ ጋር ባንድ ሳሎን ሲደባለቅ ለጆሮዬ አይጥመኝም። ጸሎትም እንደ መክፈቻ ንግግር ይታያል፤ ሁለት ደቂቃ ተባለና ወደ ጨዋታ። እንዲህ ከሚሆን ጸሎቱን በየቤታችሁ አድርሱ፣ ጉባኤውንም ጉባኤ በሉት። የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ክፉ አስቤ አይደለም።

ማርቆሴዋ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:00

ክፉ እንዳላሰቡ ይገባኛል፤ እንዲያውም የበገናው ልጅ ራሱ እንደ እርስዎ ነው የሚለው። "እኔ ስደረድር ቡና አይወቀጥ" ብሏል። ግን ጸሎቱን ጨርሰን ብናወጣው፣ ኀዘን ይዞ የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን የሚመለስ ይመስለኛል። ምን ይሻላል?

ሞጣ በር | ማክሰኞ፣ ቀን 9:25

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሞጣ ነው ያደግሁት። ስለ እኛ እየተነጋገራችሁ ስለሆነ ልግባ።

አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም እኔ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ፣ አይከፋኝም። ግን እንግዳ ነኝ ማለት ነው። እኔ ፋቲሓ ብቀራ እናንተም እንደዚያው። ሰፈራችን ግን ለዚህ ድሮውንም መላ ነበረው። ምርቃት! ሽማግሌ ተነስቶ "ከክፉ ይሰውራችሁ፣ የወጣ ይመለስ፣ የታመመ ይዳን" ሲል ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። ማን ወደየት እንደሚሰግድ አይጠየቅም። ለመክፈቻ አንድ አባት፣ ለመዝጊያ አንዲት እናት ይመርቁ። መሃል ላይ ደግሞ ዝምታ። በዝምታው ውስጥ አንዱ ዳዊቱን በልቡ ይድገም፣ እኔ ዚክሬን ላድርግ።

ሰዓቱንም አስቡበት። ዓርብ እኩለ ቀን ጁምዓ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ቅዳሜ ሰው ገበያ ይውላል። ስለዚህ እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ምግቡ ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ይሁን። ሥጋ ከገባ የማን እርድ ነው ይባላል፤ ቅቤ ከገባ ጾም ነው አይደለም ይባላል። ቆሎ ማንንም አጣልቶ አያውቅም።

ሥርዓት ይጠበቅ | ማክሰኞ፣ ቀን 10:10

ምርቃቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። በገናውን ግን ከጽሞናው ጋር ያያይዙት፣ ከማሲንቆው ጋር አይሁን። ጽሞናው እውነተኛ ይሁን፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት። አምስት ደቂቃማ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ ያልቃል።

ደጀን ላይ ነኝ | ማክሰኞ፣ ቀን 10:30

ሩብ ሰዓት ዝም? ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ። መድኃኔዓለም ያውቃል ትባረካላችሁ።

ጣና ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ባሕር ዳር ላይ የሴቶች ጉባኤ አለን። መነሻው እቁብ ነው። ዕጣ እስኪወጣ ሐሜት ከምናወራ ብለን ማንበብ ጀመርን። ዛሬ ብሩን የማትጥል ሳትቀር ለግጥሙ ትመጣለች።

መጀመሪያ ስለ ስልክ። በር ላይ ሰፌድ አስቀምጡ። የገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ላይ ያኖራል። የአንዷ የለቅሶ ግጥም ቲክቶክ ላይ ወጥቶባት ከባሏ ቤተሰብ ጋር ተቆራርጣለች። ሰፌዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ማንም ቅር አይለውም፤ ሰፌዱን ዞር ብሎ የሚያይ ግን አይጠፋም።

አሁን ስለ እርማቱ። አንዲት ልጅ አለችን፣ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ከሁሉ ዝምተኛ ነበረች። አንድ ቀን ይህን አነበበች፦

*እድምተኛው ሁሉ ሲጠጣ ሲበላ፣*
*እኔን ለይቶ ነው ጎረቤት የጠላ።*

ወዲያው ሁላችንም "ውይ" አልን። ጡረታ የወጡ አማርኛ አስተማሪ አሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። እሳቸው ብቻ "ውይ" አላሉም። "ጠላው የታለ?" አሏት። "ይሸታል እንጂ አልተቀዳም። የሚጠጣውም የሚጠላውም ባንድ ቃል እንዲሰማኝ ፈልገሻል፣ ገብቶኛል። ግን 'እኔን ለይቶ' ካልሽ ጥላቻውን ገላልጠሽ አስቀመጥሽው። መጠጡ መግቢያ አጣ። ሂጂና ጋኑን አስገቢልኝ።"

አንዳንዶቻችን አዘንባቸው። ልጅቷ ግን በወሩ መጣች፦

*እድምተኛው ሁሉ ሲጠጣ ሲበላ፣*
*እኔን ምን አስጠማኝ? ቤቱ ሙሉ ጠላ።*

አያችሁት? አንዴ ስትሰሙት ቤቱ በጠላ ተሞልቷል፣ ታዲያ ለምን ይጠማኛል ነው። ደግማችሁ ስትሰሙት ቤቱ በሙሉ ጠልቷታል። እትዬ ከወንበራቸው ተነስተው "ይበል!" አሉ። ቤቱ ተናጋ።

ከዚያ ጨዋታው መጣ። ልጅቷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ምን ሲባል እንደኖረ ታውቃላችሁ። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ አይጋቡትም፣ ገበታ አይጋሩትም። አንዷ "ያ ጠላ የተጠመቀበትን ጋን ማን ሠራው?" ብላ ጠየቀች። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋኑ ድግሱ መሃል ተጎልቷል፣ የሠራችው ሴት ከአጥር ውጭ ቆማለች። ያን ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተነጋገርን። በስብሰባና በሥልጠና ይህን ጉዳይ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ እንደዚያን ቀን ግን ደርሶን አያውቅም። ስለዚህ ማርቆሴዋ፣ አርሙ። ያ ስንኝ ባይታረም ኖሮ "ውይ" ብለን እናልፈው ነበር።

ጋን | ረቡዕ፣ ንጋት 12:40

የግጥሟ ባለቤት ነኝ። ለዚህ ስል ነው መድረኩ ላይ የተመዘገብኩት።

ጣና ዳር የጻፈችው ልክ ነው፣ ግን በእሷ በኩል ነው። በእኔ በኩል እንዲህ ነበር። እትዬ "ጠላው የታለ" ሲሉኝ ደስ አለኝ። ለእኔ ማንም እንደዚያ ብሎ አያውቅም ነበር። ትችያለሽ፣ ሂጂና አስተካክይው ማለታቸው ነው። ወሩን ሙሉ ያቺን አንድ ስንኝ እያላመጥኩ ነው ሥራ የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ አልወደድኩትም። ሃያ ሴት ተራ በተራ ይቅርታ ጠየቀኝ። አቀፉኝ፣ አለቀሱ። እኔ አጽናናኋቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ግጥሟ ያነሳ የለም። በዚያው ወር ከአቀፉኝ አንዷ ልጇን ዳረች። አልተጠራሁም።

እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም ነበር። "እኔን ምን አስጠማኝ" ይሁን "እኛን ምን አስጠማን" ይሁን እያመነታሁ ነበር። ያንን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

የሰርጉን አላወቅሁም ነበር። ማን እንደሆነች ግን ገብቶኛል። ዛሬ ማታ እደውልልሻለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:50

ጋን፣ እኔ ልጠይቅሽ። "እኛን" ካልሽ ሙሉ ቤተሰብ አጥር ውጭ ይቆማል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን "እኔን" ውስጥ ብቸኝነቱ አለ። ቤቱ ሙሉ፣ እሷ አንድ። ቁጥሩ ራሱ ይጣላል። እኔ "እኔን" እላለሁ።

ጋን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:30

እሱን አስቤዋለሁ። ግን ድግሱ ላይ ያልተጠራሁት ብቻዬን አይደለሁም። እናቴ ጋኑን ይዛ ሄዳ፣ ገንዘቧን በር ላይ ተቀብላ ነው የተመለሰችው። "እኔን" ስል እሷን ጥያት የሄድኩ ይመስለኛል።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:35

"እኛን"። ተረታሁ። እናትሽ በር ላይ ገንዘብ የተቀበለችውን ደግሞ ለብቻው ቁጠሪው። ሌላ ጉባኤ ቃና አለበት።

እንጆሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

ይቺን ምልልስ ከላይ ላሉት ሁሉ አንብቡልኝ። ጉባኤ ማለት እንዲህ ነው። ደግሞ ትርፍራፊ፣ ሁለተኛዋ ሴት ተገኘችልህ።

አልቃሽ ቤት ያደግሁ | ረቡዕ፣ ቀን 8:20

ናፋቂ ያነሳው ነገር ሳይመለስ አለፈ። የወንድሙን ኀዘን ይዞ የመጣው ሰውዬ ምን ይደረግ?

አክስቴ ሙሾ አውራጅ ናት፣ ቢቸና አካባቢ ስሟ ይታወቃል። ለቅሶ ላይ ማንም አያርማትም። እሷ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ስንኝ ቢሰበርባት እንኳ ተቀባዮቹ በድምፃቸው ይሸፍኑላታል። ሟችን ሳታውቀው ከሄደች ቤተሰቡ በጆሮዋ ሹክ ይላታል፤ "ፈረስ ይወድ ነበር፣ ልጅ አልወለደም"። እሷ እዚያው ታስገባዋለች።

ግን እርማት የለም ማለት አይደለም። ከለቅሶ ሲመለሱ መንገድ ላይ ይወራል። "ያቺ የፈረሷ ጥሩ ነበረች፣ የበሬዋን ግን ባትያት" ይላሉ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ነጠላዋን ይዤ ከኋላ እየተከተልኩ ነው ግጥም የተማርኩት። በሚቀጥለው ለቅሶ በሬዋ ትቀራለች። እንባው ሳይደርቅ ማረም ነውር ነው፤ ከደረቀ በኋላ አለማረም ደግሞ አክስቴን መናቅ ነው።

ናፋቂ | ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ይቺ ገባችኝ። ሰውዬው ስልኩ አለኝ። ያንን ግጥም አሁን ድረስ ይዞት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ወተት አባይ | ረቡዕ፣ ማታ 1:45

የቅኔውን ለእናንተ ትቼ የዱላውን ልናገር። በዚህ ጊዜ ሰው ስትሰበስቡ ቀበሌውን ቀድማችሁ አሳውቁ፣ የእድሩን ዳኛም ጨምሩበት። በወረቀት ይሁን። የቤቱ እናት በኋላ መልስ ሰጪ እንዳይሆኑ። ከ11 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ባጃጅ ቶሎ ነው የሚጠፋው፣ ሴቶቹ በእግር እንዳይመለሱ። ጨዋታው ላይ ደግሞ ስለ ኑሮ ይወራ፣ ስም እየጠሩ ማውራት ግን ይቅር። ፈሪ ነህ በሉኝ።

ማርቆሴዋ | ረቡዕ፣ ማታ 3:30

ፈሪ አይደሉም። ደብዳቤውን ነገ እናስገባለን።

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ይህን ሁሉ ጮክ ብለን አነበብነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ መሃል ላይ እንደገና ተጣላን፣ ከዚያ ተስማማን። አንባቢው ከመጀመሩ በፊት "ለጆሮ" ወይም "ለእርማት" ይላል። "ለጆሮ" ካለ ናፋቂ እንዳለው ነው፤ የቀረችብንን ስንኝ እንነግረዋለን፣ ሌላ ቃል የለም። "ለእርማት" ካለ ይታረማል። ያረመ ሰው ደግሞ ቡናው ሦስተኛ ሳይጠጣ አይወጣም፤ ይቺ የትርፍራፊ ናት። ለእርማት የሚቀርበው ከሁለት ስንኝ አይበልጥም። ለጆሮ የቀረበውን በሚቀጥለው ወር ለእርማት ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ይቺ የአክስትየው መንገድ ናት።

በመክፈቻና በመዝጊያ ምርቃት። ሩብ ሰዓት ጽሞና፣ በበገና ተጀምሮ በዝምታ ያልቃል። ማሲንቆው ከቡና በኋላ። ሰፌዱን የቤቱ እናት "እኔ አለኝ፣ ባለ ቀለሙን አወጣለሁ" ብለዋል።

ጋን ያነሳሽው ላይ ግን ሕግ ማውጣት አቃተን። "ጨዋታው ሲጀመር ግጥሙ አይረሳ" ብለን ጻፍን፣ አነበብነው፣ ምንም አይልም። አንቺ ብትመጪ ጥሩ ነበር።

ጋን | ረቡዕ፣ ማታ 3:50

ትራንስፖርቱን ከቻላችሁ እመጣለሁ። ሕግ አያስፈልገውም። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ "ጨርሰኸዋል ወይስ ቀርቶሃል?" በሉት። ያኔ እሱ ራሱ ይናገራል።

ማርቆሴዋ | ረቡዕ፣ ማታ 4:05

ትራንስፖርቱን ችለናል። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ 8 ሰዓት። ሞጣ በር፣ አንተም ና። ቆሎውን ባንተ ስም እናስቆላለን።

ሞጣ በር | ረቡዕ፣ ማታ 4:12

ኢንሻአላህ። ሽምብራም ጣል አድርጉበት።

ደጀን ላይ ነኝ | ረቡዕ፣ ማታ 4:30

እኔ መምጣቴ አጠራጣሪ ነው። ያለችኝ ግጥም አንዲት ናት። እሷም ዓባይን ከአባይ ጋር ታጋጫለች።

የቅኔ ቤት ትርፍራፊ | ረቡዕ፣ ማታ 4:33

አምጣት። ለእርማት ትገባለች።